ውሳኔ አሰጣጥ በዓለማዊ ሰብዓዊነት

ውሳኔ አሰጣጥ በዓለማዊ ሰብዓዊነት ሰዎች መለኮታዊ ትእዛዝን መነሻ ሳያደርጉ፣ በማስረጃ፣ በምክንያት እና ለሌሎች በማሰብ ከቀረቡላቸው አማራጮች አንዱን የሚመርጡበት አካሄድ ነው። በዚህ አስተሳሰብ ጥሩ ውሳኔ የሚባለው መልካም ውጤት ያመጣ ሁሉ አይደለም። ጥሩ ውሳኔ በጊዜው ሊገኝ የሚችለውን እውቀት በሐቀኝነት የተጠቀመ፣ የሚነካቸውን ሰዎች የቆጠረ እና ስህተት ቢገኝ ለመታረም በሩን ክፍት የተወ ነው። በአንጻሩ በግምት የተወሰነ ነገር በዕድል ሊሳካ ይችላል፤ መሳካቱ ግን አወሳሰኑን ጥሩ አያሰኘውም።

ይህ ጽሑፍ ሐሳቡን እና ስልቶቹን ከገለጸ በኋላ በኢትዮጵያ ታሪክ የታዩ ውሳኔዎችን ይመለከታል። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ ከጉለሌ እስከ የካ ከተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ስያሜ እና መነሻ

ሰብዓዊነት የሰውን ክብር፣ ነፃነት እና የማሰብ ችሎታ ማዕከል የሚያደርግ አመለካከት ነው። «ዓለማዊ» የሚለው ቅጽል የተጨመረው ሥነ ምግባር በሃይማኖት ላይ ሳይመሠረት ሊቆም ይችላል የሚለውን አቋም ለመለየት ነው። በሃይማኖት ውስጥ ሆነው ሰብዓዊነትን የሚከተሉ ብዙዎች አሉ።

አመለካከቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በጽሑፍ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ የመጀመሪያው የሰብዓዊነት መግለጫ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1952 በአምስተርዳም ዓለም አቀፍ የሰብዓዊነት ኅብረት ሲመሠረት የአምስተርዳም መግለጫ የተባለው ሰነድ ጸደቀ፤ ሰነዱ እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2022 ተሻሽሏል። የኅብረቱን መሥራች ጉባኤ የመራው ጁሊያን ሃክስሊ ቀደም ሲል የዩኔስኮ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ነበር። ፈላስፋው ፖል ከርትዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 የዓለማዊ ሰብዓዊነት መግለጫ የተባለውን ጽሑፍ አዘጋጀ።

እነዚህ ሰነዶች በዝርዝራቸው ቢለያዩም ውሳኔን በተመለከተ ሦስት የጋራ ነጥቦች አሏቸው። አንደኛ፣ ለውሳኔው ኃላፊነቱ የሰው ነው። ሁለተኛ፣ እውነትን ለማወቅ የሚያገለግለው መንገድ ምርመራ እና ማስረጃ ነው። ሦስተኛ፣ የውሳኔ ዓላማ የሰዎች ደህንነት ነው፤ የኋለኞቹ መግለጫዎች ሌሎች ሕያዋን ፍጥረታትን እና መጪውን ትውልድም ይጨምራሉ።

ውስብስብ ችግር

አንዳንድ ጥያቄዎች ከባድ ቢሆኑም ውስብስብ አይደሉም። ድልድይ መሥራት ከባድ ነው፤ ነገር ግን ጭነቱ ሊሰላ፣ ብረቱ ሊለካ፣ ሥራው ማለቁም ሊታወቅ ይችላል። በከተማ ዳር ያለ ደን ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ግን ሌላ ዓይነት ነው። አንዱ ማገዶ፣ ሌላው ንጹሕ አየር፣ ሌላው መዝናኛ፣ ሌላው ደግሞ የዕለት ገቢ ይፈልጋል። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ሆርስት ሪትል እና ሜልቪን ዌበር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ ከሌሎች ለይተው ገልጸዋቸዋል። እንደ እነርሱ አባባል ለእነዚህ ችግሮች አንድ የተስማማ ትርጉም የለም፤ መልሳቸውም «ትክክል» ወይም «ስህተት» ሳይሆን «የተሻለ» ወይም «የባሰ» ነው። እያንዳንዱ ሙከራም አሻራውን ጥሎ ያልፋል።

ውስብስብ ሥርዓቶች የሚከተሉት ጠባዮች አሏቸው፦

• መዘግየት፦ ዛሬ የተደረገ ነገር ውጤቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊታይ ይችላል።
• ግብረ መልስ፦ ውጤቱ ተመልሶ መነሻውን ይለውጣል። መንገድ ሲሰፋ መኪና ይጨምራል፤ መኪና ሲጨምር መንገዱ እንደገና ይጠብባል።
• ያልታሰበ ውጤት፦ አንዱን ችግር የፈታው መድኃኒት ለሌላው መነሻ ይሆናል።

በኮምፒውተር ሳይንስ «ተራራ መውጣት» የሚባል የፍለጋ ስልት ይህን ለመረዳት ይጠቅማል። ስልቱ በጉም ውስጥ ወደ ጫፍ ለመድረስ እንደሚሞክር ሰው ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ከፍ ወደሚልበት አቅጣጫ ብቻ ይራመዳል። ችግሩ ትንሽ ኮረብታ ላይ ሲደርስ በየትኛውም አቅጣጫ መውረድ ብቻ ስለሚታየው እዚያው ይቆማል፤ ከጎኑ ያለውን ረጅም ተራራ አያየውም። መፍትሔው አልፎ አልፎ ዝቅ ማለትን መፍቀድ ወይም ከተለያየ ቦታ መጀመር ነው። በሰው ውሳኔም እንዲሁ ነው፦ ሁልጊዜ ለዛሬ የሚሻለውን ብቻ የሚመርጥ ሰው ወይም ተቋም ለዘለቄታው የሚሻለውን ሊያጣ ይችላል።

የሰው አእምሮ ገደቦች

ዓለማዊ ሰብዓዊነት በምክንያት ላይ ቢደገፍም ሰው ሁልጊዜ ምክንያታዊ ነው አይልም። ኸርበርት ሳይመን ሰዎች ጊዜ፣ መረጃ እና የማስላት አቅም ስለሚያጥራቸው ከሁሉ የሚሻለውን ሳይሆን «ይበቃል» የሚሉትን አማራጭ እንደሚመርጡ አሳይቷል። ለዚህ እና ተያያዥ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ1978 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ዳንኤል ካነማን እና ኤሞስ ትቨርስኪ ደግሞ ሰዎች በግምት ሲወስኑ በዘፈቀደ ሳይሆን በተደጋጋሚ በአንድ አቅጣጫ እንደሚሳሳቱ በሙከራ አረጋገጡ። ካነማን እ.ኤ.አ. በ2002 ይህንኑ ሽልማት ሲያገኝ ትቨርስኪ ቀደም ሲል ሞቶ ነበር።

በብዛት ከሚጠቀሱት የአስተሳሰብ አድልዎች መካከል፦

• የራስን ሐሳብ ፈላጊነት፦ የምናምነውን የሚደግፍ ማስረጃ ማሰባሰብ፣ የሚቃረነውን ችላ ማለት።
• የወጪ እስረኝነት፦ ብዙ ገንዘብ ወይም ዓመታት ስለፈሰሱበት ብቻ የማያዋጣን ነገር መቀጠል። የወጣው ወጪ በየትኛውም አማራጭ አይመለስም፤ ስለዚህ መታየት ያለበት ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥቅም እና ጉዳት ነው።
• የቅርብ ትውስታ፦ በቅርቡ የሰማነውን ወይም ያስደነገጠንን ነገር በብዛት የሚደርስ አድርጎ መገመት።
• መነሻ ቁጥርን መርሳት፦ አንድ ነገር በአጠቃላይ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ሳያዩ በአንድ ምልክት ብቻ መደምደም።

የመጨረሻው በቁጥር ምሳሌ ይብራራል። ከ1,000 ሰዎች 10ሩ አንድ በሽታ አለባቸው እንበል። ምርመራው ከታመሙት 10 ሰዎች 9ኙን ያገኛል፤ ካልታመሙት ደግሞ 10 በመቶውን በስህተት «ታሟል» ይላል። ያልታመሙት 990 ስለሆኑ በስህተት የሚያዙት 99 ናቸው። ስለዚህ «ታሟል» ከተባሉት 108 ሰዎች በእርግጥ የታመሙት 9 ብቻ፣ ማለትም ከ12 አንድ ነው። ሐኪሞች በአንድ ምርመራ ውጤት ብቻ ሳይወስኑ በሌላ ምርመራ የሚያረጋግጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የአወሳሰን ደረጃዎች

የሰብዓዊነት ጸሐፊዎች አንድ ወጥ ቀመር አላወጡም። ሆኖም በሥነ ምግባር እና በውሳኔ ጥናት የተለመዱት ደረጃዎች እንደሚከተለው ሊጠቃለሉ ይችላሉ። ለማብራሪያ አንድ መላ ምታዊ ሁኔታ ይወሰድ፦ የአንድ ወረዳ ነዋሪዎች በባሕር ዛፍ የተሸፈነ ተዳፋት በአገር በቀል ዛፍ ይተካ ወይስ አይተካ በሚለው ይመክራሉ።

1. ጥያቄውን በትክክል መጻፍ። «ባሕር ዛፍ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። «በዚህ ተዳፋት ላይ በሚቀጥሉት 20 ዓመታት ምን ዓይነት ሽፋን ይኑር?» የሚለው ግን ሊመረመር ይችላል።

2. የሚነካቸውን ሰዎች መዘርዘር። ከዛፉ ማገዶ የሚለቅሙ፣ በአጣና ንግድ የሚተዳደሩ፣ ከተዳፋቱ ሥር ጎርፍ የሚያሰጋቸው እና ገና ያልተወለዱ ሰዎች ይቆጠራሉ። ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረበው የሐሳብ ሙከራ እዚህ ላይ ያገለግላል፦ ወሳኙ ሰው ከእነዚህ ሁሉ ማንኛው ሆኖ እንደሚገኝ ባያውቅ ኖሮ ምን ይመርጥ ነበር?

3. እውነታን ከፍላጎት መለየት። «ባሕር ዛፍ ከመሬት ውኃ ይስባል» የሚለው በመለኪያ ይፈተሻል። «ከገቢ ይልቅ ምንጩ ይቅደም» የሚለው ግን የዋጋ ምርጫ ነው። ብዙ ክርክር የማያልቀው ሁለቱ ስለሚደባለቁ ነው።

4. ማስረጃ መፈለግ፣ በተለይም ተቃራኒውን። እያንዳንዱ ወገን «ምን ባይ ሐሳቤን እለውጣለሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። መልስ የሌለው ወገን እየመረመረ ሳይሆን እየተሟገተ ነው።

5. አማራጮችን ማብዛት። ምርጫው ሁሉን መቁረጥ ወይም ሁሉን መተው ብቻ አይደለም። በየተራ መቁረጥ፣ ምንጭ አጠገብ ያለውን ብቻ መተካት ወይም መጀመሪያ በትንሽ ቦታ መሞከር ይቻላል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1772 ለጆሴፍ ፕሪስትሊ በጻፈው ደብዳቤ የድጋፍ እና የተቃውሞ ምክንያቶችን በሁለት ዓምድ ጽፎ፣ ክብደታቸው እኩል የሆኑትን እየሰረዙ መሄድን መክሮ ነበር።

6. ውድቀትን አስቀድሞ ማሰብ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጌሪ ክላይን ያስተዋወቀው ስልት እንዲህ ነው፦ ተሳታፊዎቹ ዕቅዱ ከአምስት ዓመት በኋላ ከሽፏል ብለው ይነሡና ለምን እንደከሸፈ እያንዳንዳቸው ይጽፋሉ። ይህ በስብሰባ ላይ ለመናገር የሚፈሩ ሰዎችም ሥጋታቸውን እንዲያወጡ ይረዳል። በተዳፋቱ ምሳሌ «ችግኙ ተተከለ እንጂ ውኃ የሚያጠጣው ሰው አልተመደበም» የሚል መልስ ሊገኝ ይችላል።

7. መቀልበስ ይቻል እንደሆነ ማየት። የሚቀለበስ ውሳኔ ቶሎ ተወስኖ ቢሞከር ጉዳቱ ትንሽ ነው። የማይቀለበስ ውሳኔ ግን ዝግታ ይፈልጋል፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ለፈሰሰው እህል ይሠራል፣ ታጥቦ ለሄደ አፈር ግን መልቀምም የለም።

8. ቀን ቆርጦ መከለስ። የሚጠበቀው ውጤት፣ የሚለካበት መንገድ እና የሚገመገምበት ቀን ከውሳኔው ጋር ይጻፋል። ያለዚህ ማንም ከስህተቱ አይማርም፤ ሁሉም ከውጤቱ በኋላ «ድሮም አውቄው ነበር» ይላል።

በኢትዮጵያ

የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ

በኢትዮጵያ ስለ ምክንያት እና ውሳኔ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በግዕዝ የተጻፈው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ ነው። በጽሑፉ መሠረት ዘርዐ ያዕቆብ በአክሱም አካባቢ ተወልዶ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በተነሣው የሃይማኖት ግጭት ተከስሶ ሸሸ፤ ለሁለት ዓመት ያህልም በተከዜ አካባቢ በዋሻ ኖረ። በኋላ በእንፍራዝ ተቀመጠ። በዋሻው ያስጨነቀው ጥያቄ ሁሉም ሰው የራሴ ሃይማኖት ትክክል ነው ሲል ዳኛው ማን ይሆናል የሚል ነበር። መልሱ ሰው በተሰጠው ልቡና መርምሮ እንዲለይ ነው። በዚህ መመርመሪያም ባርነትን ነቅፏል፤ ባል እና ሚስት እኩል መሆናቸውንም ጽፏል።

ዘርዐ ያዕቆብ በፈጣሪ የሚያምን ስለሆነ ዓለማዊ ሰብዓዊ ሊባል አይችልም። ከዚህም በላይ የሐተታው ደራሲነት አከራካሪ ነው። ጽሑፉን በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሲሆን፣ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ሐተታውን ራሱ ሚስዮናዊው ጽፎታል ብሎ ተከራክሯል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ የዘርዐ ያዕቆብ ሥራ መሆኑን ደግፈዋል። ክርክሩ አሁንም ቀጥሏል። ደራሲው ማንም ይሁን ማን፣ የሰሙትን ሁሉ መርምሮ የመቀበል ሐሳብ በግዕዝ ተጽፎ መገኘቱ ግን አያጠራጥርም።

የእንጦጦ ባሕር ዛፍ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. መቀመጫቸውን በእንጦጦ ተራራ ላይ አደረጉ። ቦታው ለመከላከል ምቹ ቢሆንም ብርድ እና ነፋስ ይበዛበታል፤ እንጨት እና ውኃም ከሩቅ ይመጣ ነበር። በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ፍላጎት በፍል ውኃ አካባቢ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ያም ሆኖ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

አዲሲቱ ከተማ ስታድግ በዙሪያዋ የነበረው ጥድ፣ ወይራ እና ሌላው ዛፍ ለቤት መሥሪያ እና ለማገዶ አለቀ። ቀደም ሲል በኢትዮጵያ ነገሥታት ዘንድ የተለመደው መፍትሔ እንጨት ሲያልቅ ሰፈሩን ነቅሎ መሄድ ነበር። ምኒልክም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው አዲስ ዓለም አዲስ ከተማ ማሠራት ጀመሩ።

በዚያው ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ ገባ። ብዙ ጊዜ ያስገባው ተብሎ የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ዛፉ በጥቂት ዓመታት ለማገዶ ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ተከላው ሲስፋፋ የእንጨቱ ችግር ቀለለ፤ ዋና ከተማዋም ከአዲስ አበባ ሳትነሣ ቀረች። በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሥራ በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይህ የወጪ እስረኝነትን ያሸነፈ ውሳኔ ምሳሌ ሊሆን ይችላል፦ ለአዲስ ዓለም ብዙ ጉልበት ፈስሶ ነበር፤ አዲስ መረጃ ሲመጣ ግን ዕቅዱ ተለወጠ።

የዚያ ውሳኔ ሌላ ገጽታ በኋላ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1913 መንግሥት ከባሕር ዛፉ ከፍተኛው ክፍል ተነቅሎ በእንጆሪ ዛፍ እንዲተካ አዘዘ፤ ትእዛዙ ግን እምብዛም አልተፈጸመም። ነዋሪው ለጣሪያው፣ ለማገሩ እና ለምድጃው የሚተማመነው በዚያ ዛፍ ስለነበር ሌላ አማራጭ ሳይቀርብለት ሊነቅለው አልፈለገም። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዛፍ ውኃ ይስባል፣ ሥሩ ሌላ ተክል እንዳይበቅል ያደርጋል፣ ተዳፋት ላይም አፈሩ በቀላሉ ይታጠባል የሚሉ ትችቶች በርክተዋል። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ጉዳቱ እንደ ዝናቡ መጠን፣ እንደ አፈሩ፣ እንደ ተከላው ርቀት እና እንደ አያያዙ ይለያያል። ለምሳሌ ወለሉ ላይ የወደቀው ቅጠል ሁሉ ለማገዶ ተጠርጎ ከሄደ አፈሩ ያለ መሸፈኛ ስለሚቀር ጎርፍ ያጥበዋል።

የእንጦጦ ሁኔታ ከከተማዋ አልፎ የሚሄድ ነው። ተራራው የውኃ ከፋይ ሲሆን በደቡብ ተዳፋቱ የሚወርደው ውኃ በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ፣ በሰሜን ያለው ደግሞ ወደ ዓባይ ይፈስሳል። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተራራው ላይ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በጥድ፣ በወይራ፣ በኮሶ እና በሌሎች አገር በቀል ዛፎች የመተካት ሥራ ተጀመረ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ እንጦጦ ፓርክ ለሕዝብ ተከፈተ። አንድ ተራራ በ140 ዓመት ውስጥ ቤተ መንግሥት፣ የማገዶ ጫካ እና የመዝናኛ ስፍራ ሆነ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ውሳኔ የቀደመው ውሳኔ በተወው ነገር ላይ የቆመ ነበር።

እንጨት ተሸካሚ ሴቶች

ከእንጦጦ ጭራሮ እና ቅጠል ለቅመው፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ እና ሌሎች ሰፈሮች የሚወርዱ ሴቶች ለረጅም ዘመን የተራራው መታወቂያ ነበሩ። ጫካውን ከመጠበቅ አንጻር ብቻ የሚያይ ወሳኝ ለቀማውን መከልከል ቀላሉ መንገድ ይመስለዋል። ክልከላው ብቻውን ግን ሁለት ነገር አይለውጥም፦ የሴቶቹ ገቢ አሁንም ያስፈልጋል፤ በከተማው እንጀራ የሚጋገርበት እሳትም አሁንም ያስፈልጋል። ስለዚህ ለቀማው ወደ ሌሊት ወይም ወደ ሌላ ተዳፋት ይዛወራል፤ አደጋውም ይጨምራል።

የተሻሉት መፍትሔዎች ከሁለቱ መነሻዎች ጀምረዋል። በገቢ በኩል የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ሽመና እና ሌላ የእጅ ሥራ ይሠራሉ። በማገዶ በኩል «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ እና የኤሌክትሪክ ምጣድ የእንጨት ፍላጎትን ይቀንሳሉ። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ቤተሰቡ ወደ ጭራሮው ስለሚመለስ የጫካው ጉዳይ ከኤሌክትሪክ አቅርቦት ጋር የተሳሰረ ነው። ሰብዓዊ አወሳሰን የሚነካቸውን ሰዎች መቁጠር የሚለው ለሐዘኔታ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል፤ ሴቶቹ ያልተቆጠሩበት ዕቅድ ጫካውንም አያድንም።

ጸበል እና መድኃኒት

ኤች አይ ቪ በተስፋፋባቸው ዓመታት ከመላ አገሪቱ ብዙ ሕሙማን ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል ይመጡ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ከባድ ጥያቄ ተነሣ። አንዳንድ ጸበልተኞች መድኃኒት መውሰድ የእምነት ማነስ ነው ብለው ስለሚያምኑ አልጀመሩም ወይም አቋረጡ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ እንደገና ይራባል፤ መድኃኒቱን የሚቋቋም ዝርያም ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ ውሳኔው የሕይወት እና የሞት ነበር።

በዚህ ጉዳይ ከሁለት አንዱን ምረጡ ማለት ብዙ ሰዎችን ከሕክምና ያርቅ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበል እና መድኃኒት እንደማይቃረኑ፣ ሕሙማንም ሁለቱን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ አስታወቁ። ለአማኙ ይህ ሃይማኖታዊ መልስ ነው። ከዓለማዊ ሰብዓዊነት አንጻር ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነገር ያስተምራል፦ መነሻቸው የተለያየ ሰዎች በውጤቱ፣ ማለትም በታማሚው መዳን፣ ሊስማሙ ይችላሉ። ጤና ባለሙያው እምነቱን እንዲተው ሳይጠይቀው ታማሚው ክኒኑን በሰዓቱ ከዋጠ የማስረጃው ዓላማ ተፈጽሟል።

የጓሳ ምሳሌ

ጥሩ የጋራ ውሳኔ ዘመናዊ ትምህርትን ብቻ አይጠይቅም። በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ሣር ምድር ለዘመናት «ቄሮ» በተባለ ባህላዊ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። አባ ቄራ የሚባሉ በሕዝቡ የተመረጡ መሪዎች ሣሩ ለዓመታት እንዳይነካ ያስከብሩ ነበር፤ መቼ ተከፍቶ እንደሚታጨድ የሚወሰነውም በጋራ ነበር። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ ጥበቃውን አደሰው። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘችባቸው ጥናቶችም ተጠቃሚዎች ራሳቸው ደንብ ሲያወጡ እና ሲቆጣጠሩ የጋራ ሀብት ሊጠበቅ እንደሚችል ያሳያሉ።

በሕግ

የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥት እና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ የሃይማኖት እና የእምነት ነፃነትን ይደነግጋል። ይህ ከዓለማዊ ሰብዓዊነት ጋር መምታታት የለበትም። ሕገ መንግሥቱ መንግሥት በአንድ ሃይማኖት ስም እንዳይወስን ይገድባል እንጂ ዜጎች በምን መነሻ እንዲያስቡ አይደነግግም። አማኙም ሆነ የማያምነው በአደባባይ ውሳኔ ላይ ሌላው ሊመዝነው የሚችል ምክንያት ማቅረብ ይጠበቅበታል የሚለው ሐሳብ ግን ለሁለቱም የቀረበ ነው።

አንቀጽ 92 የአካባቢ ፖሊሲዎች እና ፕሮጀክቶች በቀጥታ የሚነኩት ሕዝብ እንዲመክር እና ሐሳቡን እንዲገልጽ መብት ይሰጣል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የተወሰኑ ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት ጉዳታቸው እንዲጠና ያዝዛል። ከላይ የተዘረዘሩት 2ኛ፣ 4ኛ እና 6ኛ ደረጃዎች እዚህ ላይ የሕግ ግዴታ መልክ ይዘዋል።

ትችቶች

በዚህ አካሄድ ላይ ከተለያየ አቅጣጫ ትችት ይቀርባል። የሃይማኖት ሊቃውንት የሰው ክብር ከፈጣሪ ካልመጣ ከየት ይመጣል ብለው ይጠይቃሉ፤ ማስረጃ የሚሆነውን እንጂ የሚገባውን አይናገርም ይላሉ። ሰብዓዊያን በበኩላቸው ሥቃይን መጥላት እና መተሳሰብ በሁሉም ባህል ስለሚገኙ ለመጀመሪያ ይበቃሉ ብለው ይመልሳሉ፤ ጥያቄው ግን በፍልስፍና አልተዘጋም።

ሁለተኛው ትችት ስልቱ ግለሰብን ከማኅበረሰብ ነጥሎ ያያል የሚል ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ውሳኔ በቤተሰብ፣ በእድር እና በሽማግሌ ጉባኤ ስለሚሰጥ ወረቀት ላይ በሁለት ዓምድ መጻፍ ብቻውን የሚያስኬድ አይደለም። ሆኖም ሽምግልናም ቢሆን የሁሉንም ወገን ቃል ሳይሰሙ ባለመወሰን ላይ የቆመ ነው።

ሦስተኛው ትችት ምርመራ ጊዜ ይፈጃል የሚል ነው። የተራበ ልጅ ያላት እናት ስምንት ደረጃ አትቆጥርም። የሳይመን ሥራ ይህን ይደግፋል፦ አንዳንዴ «ይበቃል» ማለት ራሱ ጥበብ ነው። የጥንቃቄው መጠን ከውሳኔው ክብደት እና ከመቀልበስ ዕድሉ ጋር መመጣጠን አለበት። የጊዜ እጥረት ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ሰፊ ጊዜ እና መረጃ ያላቸው ተቋማት ሳይመረምሩ ሲወስኑ ዋጋውን ብዙ ጊዜ የሚከፍሉት ጊዜ የሌላቸው ሰዎች ናቸው።

ደግሞ ይዩ

• ሰብዓዊነት
• ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ
• እንጦጦ
• ባሕር ዛፍ
• አዲስ ዓለም
• ጓሳ
• ሥነ አመክንዮ